የሲት ሱዓድ ደንብ በሳን ሊያንድሮ

ሐምሌ 1987

ሄለንዬ፣

የሙስካቱ የመምህራን ቤታችን ደንብ እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣልሽ! እህቴና ባሏ አንዱን ሩም ሳህሌ ለሚባል የቸርቻቸው ልጅ አከራይተውታል። ጠዋት እነሱ ሥራ ሲሄዱ እኔና እሱ እንቀራለን። የመጀመሪያ ቀን ኪችን ሲገባ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ልክ ቧንቧ ሠሪ ሲመጣ የቤታችን ኃላፊ ሲት ሱዓድ እንዳስለመደችን፣ ብድግ ብዬ የውጭ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት! እሱ ደግሞ ሞቋት ነው ብሎ መስኮቱን ጨመረልኝ። ሙስካት ቢሆን የሚገባው ወበቅ ነው፤ የዚህ አገር የሐምሌ ጠዋት የባሕር ንፋስ ግን አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ይሉኝታ ይዞን ሁለታችንም እየተንቀጠቀጥን ቁርስ በላን። በማግሥቱም እንዲሁ።

ዛሬ ካፖርቱን ለብሶ መጣና ገና ከወንበሬ ሳልነሳ በሩን ራሱ ከፈተልኝ። «ሙቀት አይስማማሽም መሰለኝ» ሲል ሳቄ አመለጠኝ። ደንባችንን ነገርኩት፣ ወንድ ካለ በር አይዘጋም አልኩት። ካፖርቱን እያወለቀ «ታዲያ አሁን ምን ይሻላል?» አለኝ።

ቦታ አለቀብኝ፤ የፎቁን ልጆች በሙሉ አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ደግነቱ ሲት ሱዓድ አማርኛ አታነብም፦ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ያንቺዋ ለተ