በግልባጩ የተሰቀለው መጋረጃ

ከጥቅምት 3 እስከ ጥቅምት 14

ለምወድሽ ልጄ ለድንቡሼ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትምህርትሽን ጥለሽ ልትመጪ መሆንሽን ብሰማ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። ከዐይኔ በቀር የሚታዘዘኝ አካል የለም፤ ውስጤ ግን ያው የምታውቂው ጨርቅ ነጋዴ ነው። የምትጽፈው እናትሽ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ጥግ ጥጉን እያኘክሽ የተማርሽበትን የፊደል ገበታ ፊቴ ትይዛለች። ጣቷ ወደ ታች ሲወርድ የምፈልገው መስመር ላይ ዐይኔን እጨፍናለሁ፤ ወደ ጎን ስትሄድ ደግሞ ፊደሉ ላይ እጨፍናለሁ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሦስት መስመር ይወጣልናል።

ጭንቅላቴ ውስጥ ደም የፈሰሰ ዕለት፣ በየቀኑ አንድ ገጽ በምጽፍበት ማስታወሻዬ ላይ «ቡናማው ሳቲን ገባ፤ ጠርዙ ደህና ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስልሳ አንድ ገጽ ባዶ ነው። ሁሉን እሰማ ነበር፤ መስማቴን የሚያውቅ ግን አልነበረም። አጎትሽ አልጋዬ ሥር ቆሞ፣ «ምስኪን፣ እንደ ዕቃ ሆኖ ቀረ» ይላል። ዕቃስ ቢሆን በወጉ ይያዛል!

ከዚያ ያወጣችኝ እጅና እግሬን ልታፍታታ የምትመጣው ነርስ ናት። ዐይኔ ሲከተላት አየችና፣ «ጋሼ፣ ከሰሙኝ ዐይንዎን ይጨፍኑ» አለችኝ። ጨፈንኩ። ደገመችው፤ ደገምኩላት። እናትሽ የቆመችበት ቁጭ አለች።

ገበታው የመጣ ቀን ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። አጎትሽ ብዕር መዝዞ፣ «ዝም በሉ፣ ኑዛዜውን ሊናገር ነው!» አለ። እኔም ቀስ ብዬ አስጻፍኩ፦ «መጋረጃው በግልባጩ ነው የተሰቀለው።»

ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የሸጠ ሰው፣ ሁለት ወር ሙሉ የጨርቅ ጀርባ ሲያይ! እናትሽ ዞር ብላ አየችውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከሞት ተመልሰህም ነገር ፍለጋ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ልቅሶ ሆነ፣ ልቅሶው መልሶ ሳቅ። የዚያን ዕለት ያስጻፍኳት ማስታወሻ አንድ ቃል ናት፦ «ተሰማሁ።»

አሁን ወደ ጉዳዬ። የቀረሽ አንድ ዓመት ነው። ሊያልቅ አንድ ክንድ የቀረውን ጨርቅ ከሸማኔ እጅ የሚነጥቅ ሞኝ ነው። እጅና እግሬ ላይመለሱ ይችላሉ፤ እኔ ግን አልጠፋሁም። ለቀብር መድረስ አለብኝ ብለሽ ከሆነ የምትቸኩዪው፣ ቀብር የለም። አርፈሽ ተማሪ።

የያዝሽው ይቃናልሽ፤ ክፉ ዐይን አይይሽ።

አባትሽ

ከዚህ በታች ያለው የእኔ የእናትሽ ነው። «ነይ» ብሎ ሦስት ጠዋት አስጽፎኝ፣ ሦስቱንም በማግስቱ አሰርዞኛል። ትምህርትሽን እንዳትተዪ፤ ለእረፍትሽ ግን ነይ። መጋረጃውን አቃንቼ ሰቅዬዋለሁ። አሁን ቀኑን ሙሉ የሚያየው በሩን ነው።