በእጃቸው ያዳምጡ የነበሩት የአቶ ዘመነ ያርጋል የሕይወት ታሪክ

አቶ ዘመነ ያርጋል ከአባታቸው ከቄስ ያርጋል ወልደ ሩፋኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውቢት ገዱ በ1943 ዓ.ም. ዳባት አጠገብ ተወለዱ። ለካህን ልጅ እንደሚገባው ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ጀመሩ። የዜማ መምህራቸው ይህ ልጅ አንዴ የሰማውን ሁለተኛ አይጠይቅም ብለው ለአባታቸው መስክረውላቸው እንደነበር በቤተሰቡ ይነገራል። አባታቸው ለክህነት ቢያስቧቸውም፣ ልባቸው ወደ ዘመናዊ ትምህርት አደላ። በዳባትና በጎንደር ተምረው በ1962 ዓ.ም. በቴሌግራፍ ሠልጣኝነት ተቀጠሩ።

በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚነገረውን የሞርስ ፊደል ከባልደረቦቻቸው ሁሉ ፈጥነው ያዙት። ድምፁ እንደ ዶፍ ሲወርድ እሳቸው እየሳቁ ይጽፉ ነበር። አንድ አመል ግን ነበረባቸው፤ “ቀስ በሉልኝ” ማለትን እንደ ውርደት ይቆጥሩት ነበር። ድገሙልኝ የሚል ጀማሪ ከገጠማቸው፣ ጆሮውን ቤቱ ረስቶ እንደመጣ እየጠየቁ ያሽሟጥጡት ነበር። በዚህ ቀልድ የተለበለቡ ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ይቅር እንደሚሏቸው እናምናለን።

በ1970 ዓ.ም. ከደባርቋ ከወይዘሮ አልጣሽ ደርቤ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ማርያማዊትንና የሺዋስን ወለዱ። በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ሌላው ሰው ጋቢውን ለብሶ ፀሐይ የሚሞቅበትን ዕድሜ እሳቸው ለአማተር ሬዲዮ አዋሉት። አማተር ሬዲዮ ማለት ያለ ደመወዝ፣ ለዕውቀትና ለወዳጅነት ሲባል ብቻ፣ በገዛ ሬዲዮ ከዓለም ሰው ጋር መነጋገር ነው። ፈቃዱን አውጥተው፣ ሬዲዮውን ከተጣለ ዕቃ ራሳቸው ሠርተው፣ በሶላር ባትሪ አስነሡት። የአንቴናውን ሽቦ በግቢያቸው ባሉት ሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ዘረጉት። ወይዘሮ አልጣሽ ደግሞ ልብስ ማስጫ አገኘሁ ብለው ደስ አላቸው። አንድ ቀን አቶ ዘመነ ከአንድ ጡረተኛ ብራዚላዊ መርከበኛ ጋር በሞርስ ሲነጋገሩ ድምፁ ድንገት ደከመ። ወጥተው ቢያዩ እርጥብ ጋቢያቸው ሽቦውን አጉብጦት ተንጠልጥሏል። መርከበኛው ይህን ሲሰማ ስቆ አላባራም፤ ወዳጅነታቸውም ከዚያች ቀን ጀመረ።

ጎንደር በኤሌክትሪክ መሐንዲስነት የምትሠራው ማርያማዊት በ2008 ዓ.ም. ኮምፒውተር አመጣችላቸው። የሰው ጆሮ የማይደርስበትን ደካማ ድምፅ ከጫጫታው ውስጥ ለቅሞ በጽሑፍ ያሳያል። አቶ ዘመነ አዲስ ነገር የሚጠሉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ግን አሻፈረኝ አሉ። “ጆሮዬ ያልሰማውን ሰማሁ ብዬ አልዋሽም” ብለው ኮምፒውተሩን ወደ ጓዳ ሰደዱት። አባትና ልጅ በዚህ ነገር አንድ ክረምት ሙሉ ተኳረፉ።

በ2011 ዓ.ም. ብርቱ የማጅራት ገትር ሕመም ያዛቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ቢያተርፍላቸውም ሁለቱም ጆሮዎቻቸው መስማት አቆሙ። እውነቱን ለመናገር ከሞት የባሰባቸው ይህ ነበር። ሬዲዮውን በነጠላ ሸፍነው፣ ሽቦውን ሊያወርዱ መሰላል አቆሙ። ወይዘሮ አልጣሽ ተቆጡ፤ ቁጣቸው እንደማይሰማ ትዝ ሲላቸው ግን እንዝርታቸውን ይዘው ከመሰላሉ እግር ሥር ተቀመጡ። ባልዬው ሽቦውን ሳይነኩ እስኪወርዱ ድረስም አልተነሡም።

ማርያማዊት በበኩሏ ስልክ ሲጠራ የሚነዝረውን ትንሽ ሞተር ከተሰበረ ስልክ አውጥታ በአምባር ላይ ሰፋች። ከጓዳ የወጣው ኮምፒውተር ከሬዲዮው የለቀመውን ድምፅ አምባሩ ወደ ንዝረት ለውጦ ለአባቷ እጅ ያደርሳል። ሥራው ደግ ነበር፤ ነገር ግን መልእክቱ ሲፈጥን ንዝረቱ እርስ በርሱ ይደባለቃል። ያለው መፍትሔ አንድ ብቻ ነበር፤ ላኪዎቹን ቀስ በሉልኝ ብሎ መለመን። አቶ ዘመነ ለዚህ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። አምባሩን አጥልቀው፣ ሞርስ የሚላክበትን መምቻ ይዘው፣ ምንም ሳይልኩ የሚነሡበት ቀን ብዙ ነበር። ቤተሰቡም፣ በቃ፣ ሊተዉት ነው ብሎ ሠጋ። በመጨረሻ ማርያማዊት፣ “ካልነገሯቸው ማን ያውቅልዎታል?” ብላ በወረቀት ጻፈችላቸው።

ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡት። ከዚያም፦ “ቀስ በሉልኝ፤ ጆሮዬ አይሰማም፤ በእጄ ነው የማዳምጣችሁ” ብለው ላኩ።

በአማተሮች ወግ የፈጠነው ለዘገየው ይወርድለታል እንጂ ጥሎት አይሄድም። መርከበኛው ፊደል ለሚቆጥር ሕፃን እንደሚነበብ አድርጎ፣ አንድ በአንድ፣ እንደምን ሰነበትክ አላቸው። የሚያዳምጡት ሌሎቹም ተራ በተራ በዚያው እርጋታ ሰላምታ ሰጡ። አቶ ዘመነ በሰው ፊት ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የደስታ ነበሩ። የደባርቅ ተማሪዎችን ሰብስበው ከአናጢ ሜትር ብረት አንቴና መሥራትን፣ በስሜን ተራሮች ላይ የምታልፍ ሳተላይትንም ማዳመጥን አስተማሩ። ድገሙልን ለሚሏቸውም ሳይሰለቹ ይደግሙ ነበር።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በአገር ውስጥ ሲታከሙ ቆይተው በመጨረሻ አልጋ ላይ ዋሉ። ባረፉበት ዕለት ረፋድ ላይ የወይዘሮ አልጣሽን እጅ ይዘው በጣታቸው መዳፉ ላይ ይመቱ ጀመር። ወይዘሮ አልጣሽ፣ ባላቸው ምን እንደሚሉ ሞርስ የለመደችውን ማርያማዊትን ጠየቋት። “አልጣሽ” እያሉ ስማቸውን እየጠሩ እንደሆነ ነገረቻቸው።

“ቀስ ይበልልኝ በይው” አሉ ወይዘሮ አልጣሽ፤ “እኔም ልልመደው።”

ማርያማዊት ይህንኑ በአባቷ እጅ ላይ መታችላቸው። እሳቸውም ስሙን ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ቀስ ብለው ደገሙላቸው።

አቶ ዘመነ ያርጋል ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጣሽ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጃቸው ሶልያና፣ እንዲሁም ፊታቸውን ሳያዩ የወደዷቸው በየአገሩ ያሉ ወዳጆቻቸው ዛሬ በኀዘን ይሰናበቷቸዋል።

የደከመውን ጥሎ የማያልፍ አምላክ ነፍሳቸውን ቀስ አድርጎ ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።