ከሸሚዙ የጎደለው ቁልፍ

ይድረስ ለእናቴ፤

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሻል? እኔ በአካል ደህና ነኝ። የቀረውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ነፍሰ ገዳይ አልወለድኩም፣ የወንድምሽን ፎቶ ከግድግዳ አውርጄዋለሁ፣ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ ያልሽውን ሦስቴ ደጋግሜ አነበብኩት። እማዬ፣ ፎቶውን መልሰሽ ስቀይው።

እዚህ ቱሪስት የሚመጣው የሚያፏጨውን ገደል ሊሰማ ነው። ነፋሱ በድንጋዩ ቀዳዳ ሲያልፍ ልክ እንደ ሰው ያፏጫል። እኔ ከምሠራበት የእንግዳ ማረፊያ ሌላ የአንድ ቀን መንገድ ብትሄጂ ቤት አታገኚም። አምና አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ከልጁ ባል ጋር መጣ። አስጎብኚያቸው ወንድሜ ነበር። ራት ላይ ሰሃን ሳነሳ ሽማግሌው አማቹን፣ ልጄን እንደምትደበድባት እንደተመለስን ለፖሊስ እናገራለሁ ሲለው ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ገደሉ ሥር ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን ከኋላ በድንጋይ ተመትቷል፤ ጭብጡ ውስጥ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ነበረች። ወንድሜ፣ አማችየው «ወደ ገደሉ እኛው እንወጣለን፣ አንተ ውሃ አምጣ» ብሎ ከመንገድ መለሰኝ ቢል ማን ይስማው? አማችየው ተኝቼ ነበር አለ። የወንድሜን ሸሚዝ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ዱሮም ቁልፉ ሞልቶ አያውቅም።

ተኝቶ ነበር ብሎ የመሰከረለትስ ማን መሰለሽ? እኔ ነኝ።

ያን ጠዋት ወደ አማችየው ክፍል ሻይ ይዤ ስገባ አልጋው ባዶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ በጓሮ በር እያለከለከ ገባ። ክንዱ ተቧጭሯል። ሸሚዙን አውልቆ፣ እጠቢልኝ፣ የጎደለውንም ቁልፍ ስፊልኝ አለኝ። አጠብኩለት። ሰፋሁለት። የሽማግሌው ሞት ሲሰማ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና፣ እንግዳ ከዚህ ታስሮ ከወጣ ቤቱ ይዘጋል፣ ሁላችንም እንበተናለን፣ ተኝቶ አየሁት በይ አለኝ። አልኩ። ፈረምኩ። ከሰዓት በኋላ ወንድሜን በካቴና ሲያወጡት ነው በማን ላይ እንደፈረምኩ የገባኝ። ያን ጊዜ ቃሌን ማንሳት እችል ነበር። እታሰራለሁ ብዬ ፈራሁ። ፍርሃት ከወንድም በለጠብኝ፣ እማዬ።

እስር ቤት ሄጄ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው። ያን ቀን የሰውየውን ልብስ ያጠብሽው አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለሁም አልኩት። እጆቼን አየና፣ ለእማዬ ደህና ነው በያት ብሎኝ ወደ ውስጥ ተመለሰ። አውቋል። ለዳኛው ግን ስሜን አልጠራም። አሥራ አምስት ዓመት ፈረዱበት። አንቺ ደግሞ በየደብዳቤው እኔን ትመርቂያለሽ። ምርቃትሽ እንደ እሬት መረረኝ።

ትናንት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ በሐሰት መመስከር ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። አማችየው ይያዝ አይያዝ እንጃ፤ አገሩ ሩቅ ነው። የወንድሜ ፋይል ግን እንደገና ይከፈታል ብለውኛል።

ወንድሜ ተፈትቶ ሲመጣ ከሳህ ብለሽ አታልቅሺበት። ምንም አትጠይቂው፤ በሩን ብቻ ክፈችለት። የእኔን ክፍል ስጪው፣ መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል፤ እኔ ቶሎ አልፈልገውም። ከእንግዲህ በዚህ አድራሻ አትጻፊልኝ።

ዕድሜሽን ያርዝመው። ዓይንሽን እሱን እስክታዪ ይጠብቅልኝ።

እህቱ