ሌባው ቆልፎት የሄደው በር

ሐሙስ፣ የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትህ? እኛ ደህና ነን። የእናትህ ስኳር ወርዶላታል፣ የእኔም ወገብ እንደ አመሉ ነው። አሁን የምጽፍልህን በስልክ ያልነገርኩህ እናትህ አጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ቤታችን ሌባ ገባ። ማክሰኞ ጠዋት እናትህን ሐኪም ቤት እንደምወስዳት ታውቃለህ። ስንመለስ የስፌት መኪናዋ የለም። ሌላ የተነካ ዕቃ አላየንም። መኪናው ላይ የነበረው የደንበኛ ቀሚስ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እናትህ አንስታ አየችውና "ሌባውስ ጨዋ ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈትታ መስኮት ስር ትውላለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ቁልፍ ሠሪ ጠራሁ። አንድ ወፍራም ጓጉንቸር አሳየኝ፤ ግን ከውጭ ተንጠልጥሎ ሲታይ "ቤት ሰው የለም" ብሎ ያሳብቃል፣ ተውኩት። መቀርቀሪያም ነበረው፣ እሱ ደግሞ የሚሠራው እኛ ውስጥ ስንሆን ነው። በመጨረሻ በሩ ውስጥ የሚቀበረውን መረጥኩ። ምላሱ ሁለት ጣት ያህል መቃኑ ውስጥ ይገባል፤ መክፈቻውንም የትም ሄዶ ማስቀረጽ አይቻልም።

ሰውየው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የድሮውን ልሞክር ብሎ ላብ በላብ ሆነ። በራችንን ታውቀዋለህ፤ እጀታውን ወደ ላይ ይዘህ የታችኛውን ጥግ በጉልበትህ ገፋ ካላደረግኸው አይቆለፍም፣ አይከፈትም። ሳሳየው ሳቀ። የድሮውን ቁልፍ ነቅሎ ካገላበጠው በኋላ ግን መሳቁን ተወ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ጭረት እንኳ የለውም። ስትመጡ ክፍት ነበር?"

"ተቆልፎ ነበር።"

"ሌባው ቆልፎ ሄደ?"

"ምን አውቃለሁ፣ እርጅና ነው፤ ተምታቶብኝ ይሆናል" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የዚያን በር አመል ከእኔና ከእናትህ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን ቃሌን ለተቀበለው ፖሊስ አልነገርኩትም። ለእናትህም አልነገርኳትም። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ንዴቱ አለፈ፤ አሁን ያለብኝ ሐዘን ነው።

ምን ቢቸግርህ እንደሆነ አላውቅም። መኪናውን ገና አልሸጥከው እንደሆነ ይዘኸው ና፤ ለእናትህ የምላትን እኔ አላጣም። ሸጠኸውም ከሆነ ና። ማክሰኞ ግን አይሁን። ቤት ባለንበት ቀን መጥተህ አንኳኳ፣ እኔ እከፍትልሃለሁ።

ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርህ፣ ልብህን ይመልስልህ።

አባትህ

እናትህ "ልጄ ድንገት ቢመጣ ደጅ እንዳይቀር፣ የአዲሱን ቁልፍ መክፈቻ በደብዳቤው አድርገህ ላክለት" ብላኝ እሺ ብያታለሁ። አልላክሁልህም። ስትደውልልህ ደርሶኛል በላት።