ማዳመጥን የተማሩት የጋሽ ካዝና የሕይወት ታሪክ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ጸሐፊው የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ አንዲት ቃል ጨምሮ ከተገኘ ምላሱ በተቀመጠበት ይድረቅ።

በሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ካዝና በመባል የሚታወቁት ወንድማችን፣ ለአናጢ አባታቸውና ለልብስ ሰፊ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ክብደታቸው የሁለት ሕፃናት ያህል ስለነበር አዋላጇ ሚዛኑ የተበላሸ መስሏት ሦስት ጊዜ መዘነቻቸው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ መምህራኑ የሚያስተምሯቸው ስላለቀባቸው ወደ ቁልፍ ሥራ ገቡ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ትከሻውን አጥብቦ የሚገባባትን ሱቅ ከፈቱ። አንድ ቁልፍ በዓይናቸው ብቻ አይተው ቅጂውን ያወጡ ነበር። የአንድ ድርጅት ካዝና አልከፈት ብሎ ባለሙያ ሁሉ እጁን ሲሰጥ፣ እሳቸው በፀጉር ማስያዣ በአራት ደቂቃ ከፈቱት፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ። ስሙ የወጣላቸው የልባቸውን ለማንም ስለማይከፍቱ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ።

በሠላሳ ዓመታቸው በጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

ጋሽ ካዝና አንድ ነገር ነበረባቸው፤ ሰው አያምኑም። በራቸውን ቆልፈው መንገድ ካጋመሱ በኋላ ተመልሰው እጀታውን ይጎትታሉ። ደንበኛ ሁለት ቅጂ ካዘዘ ሁለተኛው ለማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አይቀርጹም። በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ታዲያ፣ ባለቤታቸው በየሐሙሱ ከሥራ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ክፍል መሄድ ጀመሩ። በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወንድማችን ሚስታቸው የቤታቸውን ገመና እዚያ ዘርግተው የሚመለሱ መሰላቸው። ታናሽ ወንድማቸውን ሱቅ ድረስ ጠርተው፣ «ስሜን እያነሳች ከሆነ ከዚያ ቤት ወጥቼ እዚህ እተኛለሁ» አሉት። ሱቋ ውስጥ ከተጋደሙ እግራቸው አስፋልት ላይ እንደሚያድር ቢነግራቸውም አልሳቁም። ልብሳቸውን የያዘችው ሻንጣ ከመቅረጫው ማሽን ሥር ተቀምጣ ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው ታናሽ ወንድማቸው ለሰው ልጅ ከተሰጡ ምክሮች ሁሉ የላቀውን ምክር የሰጣቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ለምእመናን የመሠረታዊ የምክር አሰጣጥ ሥልጠና ጀምሯል፤ ተመዝግበው ይግቡና በዚያ ክፍል ምን እንደሚወራ በገዛ ጆሯቸው ይስሙ። ተመዘገቡ።

አሠልጣኟ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሠልጣኞቹን ሦስት ሦስት አድርገው ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ያዳምጣል፣ ሦስተኛው ይታዘባል። አዳማጩ ፈዋሹ እግዚአብሔር እንጂ እሱ እንዳልሆነ ለማስታወስ በልቡ ጸልዮ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ቸኩሎ መምከር የለም፣ «እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኜ» የለም፣ በቁስል ላይ ጥቅስ መወርወር የለም። የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ፣ ልክ ሰምቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ በቃ። ጋሽ ካዝና መጀመሪያ ላይ መርማሪ ሆነው ቁጭ አሉ። አንዲት ሠልጣኝ የእናቷን ሞት ስትናገር፣ በስንት ሰዓት እንደሞቱና ቤት ውስጥ ማን ማን እንደነበረ ጠየቋት። አሠልጣኟ ረጋ ብለው፣ «ወንድሜ፣ የተከሰሰ ሰው የለም» አሏቸው።

በአራተኛው ሳምንት ሊቅ ሆኑ። ሰው ከሱቃቸው ደጅ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይሰለፍ ጀመር፤ ቁልፍ ሊያስቀርጽ ሳይሆን የልቡን ሊያወራ። ሦስት መቶ ትዳር አስታርቀዋል፤ ቢያንስ ነው። በማጠቃለያው ፈተና ተናጋሪ ሆነው የቀረቡት የገዛ ባለቤታቸው ነበሩ። ጋሽ ካዝና ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጡ አዳመጧቸው፣ ስማቸው በክፉ እንዳልተነሳ አረጋገጡ፣ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። ሻንጣዋም ወደ ቤት ተመለሰች።

በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ኩላሊታቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ ሦስት ወር ቢሏቸው ሁለት ዓመት ኖረው አሳፈሯቸው። ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን የጻፈውን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ጌታ ጥርጣሬ በማይደርስበት ደጁ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን።

ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለባለቤታቸው ተነበበላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለፍተሃል ወንድሜ» አሉ። «እሱ ግን አንድ ቀንም አልተማረም። የሠለጠንኩት እኔ ነኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ የምሄደው ለዚያ ነበር። እሱ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ወሬ ሲጠብቅ ሦስት ወር ብርድ መታው። ስጨርስ፣ የምለማመድበት ሰው የለኝምና ተቀመጥ አልኩት። ሻንጣውን ከሱቅ ያመጣው በማግስቱ ነው። ከዚያ ወዲያ አሥራ ስምንት ዓመት እሱ ሲናገር እኔ ሳዳምጥ ኖርን።»

ጸሐፊው፣ ሟች ወንድሙ የእሱን የጸሐፊውን ስም አንስተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ብዙ ጊዜ» አሉ። «ምን እንዳለ ግን አልነግርህም።»