ብርድ ነው ያልኩህ ቀን

ተስፍሽዬ፣

ከተለየኸኝ ስድስት ወር ሞላ፤ ነገ መንፈቅህ ነው። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ፈርቼህ ነው።

የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሷል። አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ልጃችን ሶስና ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። መንገድ ላይ ረጅም ሰው ስታይ አሁንም ቀና ብላ ፊቱን ታየዋለች። እኔ ያኔ ዞር እላለሁ።

ያን ጠዋት ጫማህን እያሰርክ ጎንህን ያዝክ። ወጋኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ሐኪም ቤት ልሂድ አልከኝ። እኔ ሳቅኩብህ። አንተ ረጅም አንቴና፣ በሸሚዝ በረንዳ ላይ እየቆምክ ብርድ መትቶህ ነው፣ አትሂድ አልኩህ። እኛ ቤት ራስ ቢያመንም ብርድ ነው፣ ጉልበት ቢቆረጥመንም ብርድ ነው። ጋቢ ደራርቤ አስተኛሁህ፤ ጀርባህን በቅባት አሸሁህ፤ ዝንጅብል አፍልቼ አጠጣሁህ። ላብ ሲያጠምቅህ ብርዱ እየወጣለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ተስፍሽ። የጮህኩት ከሰዓት ከንፈርህ ሲነጣ ነው።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ማንም ሳይመታህ፣ ሳትወድቅ፣ ሳንባህ አጠገብ አንዲት ቀጭን የደም ሥር በራሷ ተበጥሳ ደሙ ደረትህ ውስጥ ሲጠራቀም ነው የዋለው። ደረትህን መክፈት እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ጣት በምታክል ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው የምትደማዋን ሥር ይዘጓት ነበር። መሣሪያውም ሰውም ዝግጁ ነበር። ግን ደምህ አልቆ ነበርና ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል እየገፉህ ሳለ ልብህ ቆመ። ጠዋት ብትመጡ ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው።

ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው ሲለኝ፣ ድንገት ነው አልኩ። እናትህም አመኑኝ። እንዲያውም ልጄ የመጨረሻ ቀኑን በአንቺ እጅ ስለዋለ ተመስገን ይሉኛል፣ እጄን እየሳሙ። ያንን አንተን ያሸሁበትን እጅ።

አሁን ለመንፈቁ መጥተው ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጡ ነው። ይህን ስጨርስ ገብቼ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ከረገሙኝም ይርገሙኝ። እኔ እስክሞት አስታውስሃለሁ፤ ግን ድንገት እንደሞተ ሰው አይደለም። ሐኪም ቤት ልሂድ ብሎኝ፣ አትሂድ እንዳልኩት ሰው ነው።