ላሟን የገጨሁት እኔ ነኝ

ጎራታ፣

መኪናሽ በር ላይ አለመኖሩን አይተሻል። ትናንት ከሞሌፖሎሌ ስመለስ ላም ገጨሁ። እኔ ደህና ነኝ። ላሟ ሞተች፤ የመኪናሽም ፊት ተጨፍልቋል። አስጎትቼ አጎቴ ግቢ አስገብቼዋለሁ።

ገንፎ ድስቱ ውስጥ አለልሽ፣ አሙቂው።

ኢንሹራንሶቹ ዘንድ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ገና ከመጀመሪያው "ውሉ የሚሸፍነው የመኪናው ባለቤት ራሷ ስትነዳ ብቻ ነው። ማን ነበር የሚነዳው?" አለችኝ።

ቁልፉን ስትሰጪኝ "ማንም ቢነዳው ኢንሹራንስ አለው፣ አትስጊ" ብለሽኝ ነበር። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም።

"እኔው ባለቤቷ ነኝ፣ ጎራታ እባላለሁ" አልኳት።

"እንኳን ተረፍሽ፣ እህቴ" አለችኝ። ከልቧ ነበር። እኔም በስምሽ አመሰገንኳት። ከዚያ ወዲህ የገዛ ድምፄ አስጠልቶኛል።

አሁን ቢሯቸው እየሄድኩ ነው፤ የነዳሁት እኔ መሆኔን ልነግራቸው። ያን ጊዜ አይከፍሉም። መኪናሽን እኔ አሠራዋለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ግን ገና አላውቅም።

ቀድመው ከደወሉልሽ፣ ትናንት ሴሮዌ ከተማ፣ እናትሽ ዘንድ እንደነበርሽ ንገሪያቸው። እኔን ለማዳን ብለሽ እንዳትዋሺ።

እስክትመጪ ያልጠበቅሁሽም ለዚሁ ነው። ፊት ለፊት ብነግርሽ "ተይው፣ እኔ ነዳሁ እላቸዋለሁ" ትይኝ ነበር።

እኔም እሺ እልሽ ነበር።

ኬኔይልዌ